5ቱ «ማ»ዎች ተሠርተዋል፣ ክምሩ ግን ባለበት ነው፤ ሁለተኛ ኢንጀክሽን ማሽን ይገዛ?

መስመር_መሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ፕላስቲክ ባልዲ መስመር ነው። ያለ ቁጥር ምክር መስጠት እንደማይቻል ስለማውቅ የተለካውን ሁሉ አስቀምጣለሁ።

አንድ ኢንጀክሽን ማሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ ሞልድ በሚባል ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት የሚሞላ) በአራት ሞልድ አራት ዓይነት ባልዲ ያወጣል። ሀ ሰማያዊ፣ ለ ቢጫ፣ ሐ ነጭ፣ መ ጥቁር ነው። የቀን ፍላጎት ሀ 800፣ ለ 400፣ ሐ 240፣ መ 160፤ በድምሩ 1,600። አንዱ ባልዲ በ24 ሰከንድ ይወጣል። ሁለት ፈረቃ አለ፤ ዕረፍት ተቀንሶ እያንዳንዱ 440 ደቂቃ ይሠራል፣ በቀን 880 ማለት ነው። ብልሽትና ጥቃቅን መቆም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይበላል። በቀን 64 ባልዲ ውድቅ ይሆናል፤ ከነዚህ 20ዎቹ ሞልድ እንደተቀየረ ወዲያው በሚወጡት የመጀመሪያ ባልዲዎች ላይ የሚታዩ ናቸው።

ከማሽኑ ቀጥሎ በየፈረቃው አራት ሰው የቆመበት መስመር አለ። ጠርዝ መከርከም 18 ሰከንድ፣ እጀታ መግጠም 29፣ መለያ መለጠፍ 14፣ የመጨረሻው ሰው ደግሞ 41። ይኼኛው ባልዲውን ከውስጥ ይመረምራል (14)፣ ዞሮ ክዳን ያነሳል (6)፣ ክዳኑን ይገጥማል (12)፣ ይደረድራል (9)።

ሞልድ መቀየር 150 ደቂቃ ይፈጃል። ዝርዝሩ፦
1. ሞልዱን ከማከማቻ ማምጣትና ክሬን መጠበቅ፣ 22
2. ውሃ ማፍሰስና ቱቦ መንቀል፣ 12
3. ቡሎን መፍታትና አሮጌውን ማውጣት፣ 18
4. አዲሱን ማስገባትና መሃል ማስያዝ፣ 17
5. ቡሎን ማሰር፣ 16
6. ቱቦ መግጠም፣ 13
7. ማሞቅና የቀድሞውን ቀለም ማጽዳት፣ 24
8. ማስተካከልና የጥራት ፈቃድ መጠበቅ፣ 28

በማሽኑና በመስመሩ መካከል 9,600 ያህል ባልዲ ተከምሯል። የሚገርመው ደግሞ ሀ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ሳለ መ ይጠፋል። መስመሩ በየፈረቃው ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ትርፍ ሰዓት ይሠራል። የሥራ ቦታን ሥርዓት የሚያስይዙት አምስቱም «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ተሠርተዋል፤ ወለሉ ተቀብቷል፣ መሣሪያው በጥላ ሰሌዳ (የየመሣሪያው ቅርጽ በተሣለበት) ተሰቅሏል። ክምሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አስተዳደሩ ሁለተኛ ማሽን ሊገዛ ነው። ትክክል ነው?

———

ሰዓት_ቆጣሪ

ማሽኑን ለጊዜው ተዉትና ታክቱን አስሉ። ታክት ገበያው አንድ ባልዲ በየስንት ጊዜው እንደሚፈልግ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ያለው የሥራ ጊዜ ለፍላጎቱ ይካፈላል። 880 ደቂቃ 52,800 ሰከንድ ነው፤ ለ1,600 ሲካፈል 33 ሰከንድ ይመጣል። አሁን እያንዳንዱን ሥራ ከ33 ጋር አስተያዩት። ማሽኑ 24 ነው። ከ33 የሚያልፍ አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ 41 ሰከንድ የሚፈጀው የመጨረሻው ሰው።

በ41 ሰከንድ ፍጥነት በቀን 1,287 ባልዲ ይወጣል። የጎደለው 313 በ41 ሲባዛ 214 ደቂቃ ነው፤ ለሁለት ፈረቃ ሲካፈል 107 ደቂቃ። ትርፍ ሰዓታችሁ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ ማሽን ቢገዛ ከ41ዱ አንድ ሰከንድ አይቀነስም፤ ማነቆው ፊት ያለው ክምር ግን ይጨምራል።

ማስተካከያው ገንዘብ አይጠይቅም። የውስጥ ምርመራውን፣ ማለትም 14ቱን ሰከንድ፣ መለያ ለሚለጥፈው ስጡት፤ 28 ይሆናል። ክዳን መግጠሙን አትስጡት። ክዳን ከተገጠመ በኋላ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ብዙ ሰው ሥራ ሲያከፋፍል ሰከንዱን ብቻ አይቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የክዳኑን ሳጥን ደግሞ ከጀርባ አንስታችሁ በክንድ ርቀት፣ ወደ ሠራተኛው አዘንብሎ በቆመ መደርደሪያ ላይ አድርጉት፤ መዞሩ (6) ይጠፋል። መስመሩ 18፣ 29፣ 28፣ 21 ይሆናል። ትልቁ 29 ስለሆነ ከታክቱ በታች አራት ሰከንድ መተንፈሻ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። ድምሩ 96 ሰከንድ ነው፤ ለሦስት ሰው ሲካፈል 32 ይደርሳልና «አንድ ሰው እንቀንስ» የሚል አይጠፋም። አትሞክሩት። ከ33ቱ 32ቱን የሚሠራ መስመር አንድ እጀታ አልገባ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረውንም መልሶ የሚያካክስበት ጊዜ የለውም።

ስለ ክምሩ። ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ አለ፤ በሂደት ላይ ያለ ብዛት ለመውጫው ፍጥነት ሲካፈል አንዱ ዕቃ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። 9,600 ለ1,600 ሲካፈል 6 ቀን። አንድ ባልዲ ግን እጅ የሚነካው፣ ማሽኑን ጨምሮ፣ 126 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ መቆም ነው።

ለምን ይቆማል? ከ880 ላይ ለ1,600 ባልዲ 640፣ ለብልሽት 60፣ ለውድቅ 26 ደቂቃ ቀንሱ፤ 154 ይቀራል። ቅየራው 150 ስለሆነ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር ይቻላል፤ አራት ሞልድ በአራት ቀን አንድ ዙር ይሆናል። ቅየራው ስለሚያስፈራ በተዘለለበት ቀን ደግሞ 150ው ደቂቃ ወደ 375 ተጨማሪ ባልዲ ይቀየራል፤ ያውም በማሽኑ ላይ ተጭኖ የተገኘው ዓይነት። አብዛኛውን ጊዜ ተጭኖ የሚገኘው ሀ ነው። ሀ እስከ ጣሪያ ሲደርስ መ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት የቀረጸው ታይቺ ኦኖ ከሰባቱ ብክነቶች ውስጥ ከመጠን በላይ ማምረትን የከፋው ያለው ሌሎቹን ሁሉ ስለሚሸፍን ነው። ማጓጓዙ፣ መጠበቁ፣ ክምችቱና እንከኑ ሁሉ ከሱ ሥር ተደብቆ ይኖራል። አምስቱ «ማ»ዎች ክምሩን በሥርዓት ደረደሩት እንጂ ምክንያቱን አልነኩትም።

———

ሞልድ_ክፍል

ከላይ የተባለው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ 150ው ደቂቃ ብቻ ልጻፍ።

ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌኦ ሺንጎ ስሜድ (ሞልድን ከአሥር ደቂቃ በታች መቀየር) ብሎ የጠራው ዘዴ መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሥራ ማሽኑ ካልቆመ ሊሠራ አይችልም ወይ? ማሽኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራው የውስጥ ሥራ ነው፣ እየሠራ ሳለ ሊሠራ የሚችለው የውጭ። ቶዮታ ውስጥ የ1,000 ቶን ፕሬስ ቅየራ ከአራት ሰዓት ወደ ሦስት ደቂቃ የወረደው በዚሁ መንገድ ነው። እናንተ ሦስት ደቂቃ አያስፈልጋችሁም። 46 ደቂቃ ይበቃችኋል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ካሜራ በማቆሚያ አቁማችሁ አንድ ሙሉ ቅየራ ቅረጹ፤ ከዚያ ቪዲዮውን ከቀያሪዎቹ ጋር ሆናችሁ እዩት። ያለነሱ ከታየ ስለላ ይመስላቸዋልና በሚቀጥለው ቀን ሁሉም ዝም ይላል።

ተራ ቁጥር 1 ሙሉ በሙሉ የውጭ ሥራ ነው። ቅየራው ሊደርስ 30 ደቂቃ ሲቀረው ቀጣዩ ሞልድ ተመርምሮ፣ ቀለበቱ ተጠርጎ፣ ማንሻው ታስሮ ማሽኑ አጠገብ ይቆም። ክሬኑም በዚያ ሰዓት ለሌላ ሥራ እንዳይሄድ በፕሮግራም ይያዝ። 22ቱ 2 ይሆናል።

ቱቦዎቹ (2 እና 6) አንድ በአንድ በክላምፕ ከታሰሩ 25 ደቂቃ መብላታቸው አይገርምም። ፈጣን መግጠሚያ አድርጉላቸው፤ መግቢያው ሰማያዊ፣ መውጫው ቀይ ይቀባ። ከተቻለ ስምንቱም ቱቦ ከሞልዱ ጋር በቋሚነት ከታሰረ አንድ ማከፋፈያ ላይ ይግባ፤ በቅየራ ጊዜ የሚነቀሉት ሁለቱ ዋናዎቹ ብቻ ይሆናሉ። ከመንቀል በፊት ውሃውን በታመቀ አየር ግፉት። ውሃው ሞልድ ላይ ከፈሰሰ ዝገት ያመጣል፣ ወለል ላይ ከፈሰሰ ሰው ይጥላል። ሦስት ሦስት ደቂቃ።

ቡሎን ላይ ብዙ ሰው አያስብም። የሚያጠብቀው የመጨረሻው ዙር ነው፤ የሚፈታውም የመጀመሪያው። የቀረው ዙር በሙሉ ብክነት ነው። ኤም16 ቡሎን በእያንዳንዱ ዙር 2 ሚሊሜትር ይገባል። የማሽኑ አምራች ሌላ ካላለ የዲያሜትሩን 1.5 እጥፍ፣ 24 ሚሊሜትር፣ መግባቱ ለብረት ፕሌት ይበቃል፤ ያ 12 ዙር ነው። ብዙ ቦታ 50 እና 60 ሚሊሜትር የሚገባ ረጅም ቡሎን ይታያል፤ ያ 25 እና 30 ዙር ነው፣ ያውም በስምንት ቡሎን። ርዝመቱን ለኩና በልኩ የሆነ ግዙ። ከ24 በታች ግን አትውረዱ፤ ጥርሱ ተልጦ የወደቀ ሞልድ የተቆጠበውን ደቂቃ ሁሉ ይበላል።

ሁለተኛው ምስጢር የመያዣ ፕሌቱ ውፍረት ነው። አራቱ ሞልዶች የተለያየ ውፍረት ካላቸው በየቅየራው መያዣው ሥር የሚገባ ብረት ሲፈለግ ጊዜ ያልቃል። ቀጫጭኖቹ ላይ ማካካሻ ፕሌት አስራችሁ አራቱንም እኩል አድርጉ። መሃል ማስያዙም (4) እንዲሁ ነው፤ የመሃል ቀለበቱ አንድ ልክ ይሁን፣ ከሥር ደግሞ ሞልዱ ሲወርድ የሚያርፍበት ቋሚ መቆሚያ ይኑር። ዓይንና መዶሻ አያስፈልግም። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ተካፍሎ ቢሠራ 3 ወደ 8፣ 4 ወደ 7፣ 5 ወደ 6 ይወርዳሉ።

ሁለት ሰው ሲሆን ግን የማስነሻ ቁልፉ በአንዱ ኪስ ይሁን፣ ዋናው ማብሪያም ይቆለፍ። ሞልዱ በክሬን ከመነሳቱ በፊት ሁለቱን ግማሾች የሚይዘው ማሰሪያ ብረት መታሰሩን ሁለቱም በዓይን ይዩ። ፍጥነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ነውና በማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር አድርጉት።

ቀለም (7) በቅደም ተከተል ይፈታል። ከነጣው ወደ ጠቆረው ሂዱ፤ ሐ፣ ለ፣ ሀ፣ መ። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ጥቁር 4 ደቂቃ ይበቃል። ከጥቁር ወደ ነጭ መመለሱ ብቻ 20 ይፈልጋል። በአማካይ 8። ሞልዱን ደግሞ ከመጫኑ በፊት በተንቀሳቃሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ ወደ ሥራ ሙቀቱ አቅርቡት።

የመጨረሻው 28 ደቂቃ አብዛኛው ፍለጋ ነው። ለእያንዳንዱ ሞልድ የግፊት፣ የሙቀት፣ የፍጥነትና የማቀዝቀዣ ጊዜ ልኩ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ማሽኑ ማስታወሻ ካለው እዚያም ይቀመጥ። በፈረቃ መሃል እያንዳንዱ ኦፕሬተር በራሱ መንገድ የሚያስተካክል ከሆነ ወረቀቱ በሳምንት ውስጥ ዋጋ ያጣል፤ ለውጥ ካለ ከነምክንያቱ ይፈረም። የጥራት ሠራተኛውን ቅየራው ከማለቁ 15 ደቂቃ በፊት ጥሩት እንጂ ባልዲው ከወጣ በኋላ አትፈልጉት። 9 ደቂቃ።

ድምር፦ 2፣ 3፣ 8፣ 7፣ 6፣ 3፣ 8፣ 9። 46። በ154 ደቂቃ ውስጥ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ መቀየር ይቻላል፤ ዙሩ ከአራት ቀን ወደ 1.2 ቀን ይወርዳል።

———

ጥራት_አንድ

ሥራው ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ስሌት ግን አንድ ነገር ረስቷል። ጠያቂው ከእያንዳንዱ ቅየራ በኋላ 20 ባልዲ ውድቅ እንደሚሆን ጽፏል። ያ 20 ሲባዛ 24 ሰከንድ፣ 8 ደቂቃ ማሽን ነው። በቀን አንድ ቅየራ ሲሆን በ64ቱ ውስጥ ተቆጥሯል። በቀን ሦስት ሲሆን ግን 60 ባልዲ ይሆናል፤ ጥሬ ዕቃውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የአንድ ቅየራ እውነተኛ ዋጋ 46 ሳይሆን 54 ደቂቃ ነው። ከውድቁ 26 ደቂቃ ውስጥ የቅየራ የሆነውን 8 መልሱት፤ 154ቱ 162 ይሆናል። 162 ለ54 ሲካፈል ልክ 3። ዙሩ 1.2 ሳይሆን 1.33 ቀን ነው፤ አንዲት ደቂቃ ትርፍ የለም። ብልሽቱ ከ60 ባለፈበት ቀን ሦስተኛው ቅየራ ይወድቃል።

ሃያውን መቀነስ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ሞልዱ ሙቀቱን ሳይዝ ማምረት መጀመሩ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ባልዲው ሳይሞላ ይቀራል ወይም የፍሰት መስመር ይታይበታል። ቅድመ ማሞቂያው ይህንን ይፈታል። ሁለተኛው በቅየራው ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ ቆሞ የተጋገረው ፕላስቲክ ነው፤ ያንን በባልዲ መልክ ከማውጣት ኖዝሉን (ፕላስቲኩ የሚወጣበትን የሲሊንደሩን አፍ) ወደ ኋላ መልሳችሁ፣ መከላከያውን ዘግታችሁ በአየር ላይ አፍስሱት። ባልዲ ቁጥሩ ከ20 ወደ 8 ቢወርድ ለእያንዳንዱ ቅየራ አምስት ደቂቃ ያህል ይተርፋል።

የቅየራ ውድቅን ከሌላው ውድቅ ለይታችሁ መዝግቡ። በአንድ ዓምድ ከተጻፈ «ቅየራ በዛ፣ ጥራት ወደቀ» ተብሎ ሥራው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ይቀለበሳል።

———

መስመር_መሪ

በጣም አመሰግናለሁ። 41ዱ ሰከንድ ዓይናችን ሥር ሆኖ አላየነውም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ቅየራው ካጠረ በኋላ ማሽኑ ምን ያህል ማምረት እንዳለበት በምን ይወሰናል? በካንባን ካርድ (የተወሰደውን ያህል ብቻ እንዲመረት በሚያዝ ካርድ) ከሆነ ስንት ካርድ? አንዱ ጋሪ ተደራርቦ 40 ባልዲ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ከላይ የመጣ ግብ አለ፤ የማሽኑ አጠቃላይ ውጤታማነት 85 በመቶ ይድረስ ተብሏል። አሁን 73 ነው።

———

ካርድ_ቆጣሪ

ካርዱን ልመልስ፤ ሁለተኛውን ለሌላ ሰው እተዋለሁ።

የቀን ፍላጎት በመመለሻ ጊዜ (የተወሰደው ጋሪ ተመርቶ እስኪተካ ባለው)፣ ሲባዛ በመጠባበቂያ፣ ሲካፈል በጋሪ ልክ። ዙሩ 1.33 ቀን ስለሆነ መመለሻውን 1.5 ቀን ያዙ፣ መጠባበቂያውን 20 በመቶ። ሀ፦ 800 ሲባዛ 1.5 ሲባዛ 1.2፣ ለ40 ሲካፈል 36 ካርድ። ለ 18። ሐ 10.8 ስለሚመጣ 11፣ መ 7.2 ስለሚመጣ 8፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። ድምሩ 73 ካርድ፣ በ40 ሲባዛ 2,920 ባልዲ። ከዚህ በላይ ባልዲ በፋብሪካው ውስጥ መኖር አይችልም፤ ካርድ የሌለው ጋሪ የለምና። ከ9,600 ጋር አስተያዩት።

ብዙ ቦታ «ካርዱ ቀይ መስመር ሲደርስ ሞልዱን ቀይር» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። እናንተ ዘንድ አልመክረውም። ሁለትና ሦስት ዓይነት በአንድ ጊዜ ቀይ ከገቡ ወረፋ ይፈጠራል፤ የቀለም ቅደም ተከተሉም ይፈርሳል። ከጥቁር ወደ ነጭ በቀን ሁለት ጊዜ የተመለሰ ማሽን 46ቱን ደቂቃ ይረሳል። ተራው ቋሚ ይሁን፤ ሐ፣ ለ፣ ሀ፣ መ። ካርዱ ብዛቱን ብቻ ይወስን። ተራው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ የተሰቀሉትን የዚያን ዓይነት ካርዶች ቁጠሩ፤ ያንን ያህል ጋሪ አምርቱ፤ ቀይሩ። አንድም ጋሪ አይጨመርም።

ይህ ለሀ ይበቃል ወይ? አንድ ዙር 1,173 ደቂቃ ነው። ሀ ከዚያ ውስጥ 427 ያህሉን ማሽኑ ላይ ይሆናል፣ 746 ያህሉን ይጠብቃል። ምርቱ ሲያልቅ በማሽኑና በመስመሩ መካከል ባለው መደብር 26 ጋሪ ይኖራል (በምርቱ ጊዜ 10 ያህሉ ተወስዷል)፤ እስኪመለስ 17 ይበላል፤ 9 ይተርፋል። 9 ጋሪ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል የሥራ ጊዜ ነው። አንድ መካከለኛ ብልሽት ይሸከማል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱ አይደለም። ካርዱ ኪስ ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ጋሪው አልቆ ካርዱ ሳይመለስ ማታ ላይ በጅምላ ይሰቀላል። ደንቡ አንድ ነው፤ ከጋሪው የመጀመሪያው ባልዲ ሲነሳ ካርዱ ይነቀላል። የመጨረሻው ባልዲ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ካርዶቹ በየፈረቃው ማብቂያ ይቆጠሩ፤ 73 መሆን አለባቸው። ሌላው ደግሞ ግማሽ የሞላ ጋሪ ነው፤ 40 ያልሞላ ጋሪ ካርድ አይታሰርበትም።

አሁን ያለውን ክምር በአንድ ቀን ለማጥፋት አትሞክሩ። ከ9,600 ላይ 2,920 ሲቀነስ 6,680 ትርፍ ነው፤ የአራት ቀን ፍጆታ ያህል። ትርፉን በሌላ ቦታ ለይታችሁ ካርድ ሳትሰጡት አስቀምጡ። መስመሩ በየቀኑ ከዚያ መጀመሪያ ይውሰድ። በዚያ ጊዜ ማሽኑ ላይ የሚተርፈው ሰዓት ለቅየራ ልምምድ ይሁን። 

ከዚያ በኋላ ሀ ተራው ሲደርስ የሚተርፈውን ጋሪ በየዙሩ ጻፉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ5 በታች ካልወረደ አንድ ካርድ አውጡ። አንድ ብቻ። ከ2 በታች ከወረደ መልሱና ለምን እንደወረደ ፈልጉ።

———

ሰዓት_ቆጣሪ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ፤ ለክምሩ መመለስ ቀጥተኛው መንገድ እሱ ነውና።

የእናንተ 73 እንዲህ ነው የሚመጣው። ከ880 ላይ 60 ብልሽትና 150 ቅየራ ሲቀነስ 670፤ ተገኝነት (ማሽኑ ለማምረት ዝግጁ የሆነበት ጊዜ ድርሻ) 76.1 በመቶ። ፍጥነት 99.3። ጥራት 1,600 ለ1,664፣ 96.2። ሦስቱ ሲባዙ 73 ያህል። በአጭሩ 640 ለ880 ነው።

85 በመቶ ጃፓናዊው የማሽን ጥገና ሊቅ ሰይቺ ናካጂማ ያስቀመጠው መለኪያ ነው፤ 90፣ 95 እና 99 ሲባዙ ወደዚያ ይጠጋል። አሁን ማሽናችሁ 85 ይድረስ ብትሉ በቀን 1,870 ጥሩ ባልዲ ማውጣት አለበት። ገበያው 1,600 ነው የሚፈልገው። በየቀኑ 270 ባልዲ ወደ ክምሩ፣ ግብ ተሳካ ተብሎ እየተጨበጨበ።

ይልቁንም ይህን ለአስተዳደሩ አሳዩ። ቅየራው 46 ደቂቃ ሆኖ በቀን ሦስት ጊዜ ሲቀየር፣ ክምሩ ከ9,600 ወደ 2,920 ሲወርድ፣ መ መጥፋቱ ሲቀር፣ ያ ቁጥር ያው 73 ነው። ጥሩ ባልዲው 1,600፣ ጊዜው 880፤ አልተነካም። የተገኘውን ጊዜ መልሳችሁ ለቅየራ ስላዋላችሁት መለኪያው አያየውም። ቁጥሩን መለካት አትተዉ፤ ብልሽትን ለማደን ይጠቅማል። ግብ የሚሆነው ግን የዙሩ ርዝመት፣ የካርዱ ብዛትና የዕለቱ ፍላጎት በዓይነቱ መሟላቱ ነው።

———

መስመር_መሪ

የመጨረሻ ጥያቄ። ካርድ ሲያልቅ ኦፕሬተሩ ምን ይሥራ? ማሽን አቁሞ መቀመጥ እዚህ እንደ ጥፋት ነው የሚታየው።

———

ሞልድ_ክፍል

የሚሠራው በወረቀት ተጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጠፍ፤ አለበለዚያ አለቃ ሲያልፍ ማሽኑን ማስነሳቱ አይቀርም። ቅደም ተከተሉ፦ ቀጣዩን ሞልድ ማዘጋጀትና ማሞቅ፣ የሚያፈስ ቱቦና የላላ ቡሎን ማየት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ ማጣሪያ ማጠብ፣ የወጣውን ሞልድ አጽድቶ ዝገት መከላከያ መርጨት። ጥሬ ዕቃው ሲሊንደሩ ውስጥ እንዳይጋገር ከ15 ደቂቃ በላይ የሚቆም ከሆነ ሙቀቱን ወደ መጠበቂያ ልክ ያውርደው።

አንድ ነገር አጣሩ፤ ኦፕሬተሩ ባወጣው ባልዲ ቁጥር የሚታሰብ ጉርሻ አለው? ካለ ካርድ ከመታተሙ በፊት እሱን ቀይሩ። ያለ ካርድ ባመረተ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ካርድ አይጠብቅም፣ ሊፈረድበትም አይገባም። ጉርሻውን የዕለቱ አራት ዓይነት በመሟላቱና በቅየራው ሰዓት ላይ አስሩት፤ ለሁለቱም ፈረቃ በጋራ። ለየብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ፈረቃ ከባዱን የጥቁር ወደ ነጭ ቅየራ ለሁለተኛው እየገፋ ያስተላልፋል።